መኪናዬ ለምን ታላዝናለች?

ድምፁ የጀመረው አምስተኛ ማርሽ ላይ ነው። በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር እስክደርስ ምንም የለም። ከዚያ ከወለሉ ስር ቀጭን፣ ረጅም «ዊይይይ» ይነሳል። ፍጥነት ስጨምር እየቀጠነ አብሮኝ ይወጣል። 95 አካባቢ ስደርስ ሬዲዮ ከፍቼም ከጆሮዬ አይጠፋም። በር የተዘጋበት ውሻ ሲያላዝን ሰምታችሁ ከሆነ፣ ልክ እንደዚያ ነው።

መኪናዋ 25 ዓመት አልፏታል። ናፍጣ ናት። ካምቢዮዋ (የማርሽ ሳጥኗ) ባለ አምስት ማርሽ ማኑዋል ነው። ፎርዊሏም የድሮው ዓይነት ነው፤ አስፋልት ላይ የኋላ እግሮቿ ብቻ ይገፏታል፣ ጭቃ ወይም አሸዋ ሲመጣ ወርጄ የፊት እግሮቿን ፍሪ ሃብ በእጄ አዙሬ እቆልፋለሁ፣ ከዚያ ትንሿን ማርሽ ስስብ አራቱም ይሠራሉ። እንዲህ ያለች መኪና ድሮም ዝም አትልም። ካምቢዮው ያጉረመርማል፣ ጎማው ይጮሃል፣ ንፋስ በበሩ ይገባል። ግን ለዓመታት አብሯት የኖረ ሰው የቤቱን ድምፅ ከእንግዳው ይለያል። ይሄ እንግዳ ነበር።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ባለሙያው አንድ ዙር ነድቷት ተመለሰና «ዲፈረንሻል ነው፤ ኮሮናና ፒኞኑ አልቋል፤ ይቀየር» አለኝ። ዲፈረንሻል ኃይሉን ለግራና ለቀኝ እግር የሚያካፍለው ሳጥን ነው፤ ኮሮናና ፒኞን ደግሞ ውስጡ ያሉት ትልቁና ትንሹ ባለ ጥርስ መዘውሮች ናቸው። ኋላ ወንበር የተቀመጠው ወንድሜም ከዚያ በፊት «ከኋላ ነው የሚመጣው» ብሎኝ ነበር። ሁለት ሰው አንድ ነገር ሲል ያሳምናል። ላስፈታው ጫፍ ደርሼ ነበር። የያዘኝ አንድ ነገር ነው፤ ያን ቀን እኔ ራሴ ኋላ ተቀምጬ ወንድሜ ሲነዳ ድምፁ ከፊት የሚመጣ መሰለኝ።

ይሄ የጆሮ ችግር አይደለም። ድምፅ በብረት ውስጥ ከአየር 15 እጥፍ ገደማ ይፈጥናል፣ የእነዚህ መኪናዎች ሻንሲ ደግሞ ከፊት መከላከያ እስከ ኋላ መከላከያ የተዘረጋ አንድ ወጥ ብረት ነው። ካምቢዮውም፣ ዲፈረንሻሉም፣ በመሃላቸው ኃይሉን የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ፣ ሻፍቱም፣ እሱ ላይ ተንጠልጥለዋል። አንዱ ጋ የተነሳ ድምፅ ሌላው ጋ ይወጣል፣ ወለሉ እንደ ከበሮ ይቀበለዋል፣ ሰው የተቀመጠበት ቦታ ብቻ መልሱን ይለውጠዋል። ስለዚህ የት እንደሚጮህ መጠየቅ ተውኩና መቼ እንደሚጮህ መመዝገብ ጀመርኩ። ወንድሜ ጎኔ ተቀመጠ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዘ፣ ጭር ያለ ቀጥ ያለ መንገድ ይዘን ወጣን።

መጀመሪያ ቆመን ሞከርን። ሞተሩ ተነስቶ፣ መኪናዋ ቆማ፣ ነዳጅ እየሰጠሁ ዙሩን ከፍ ዝቅ አደረግኩ። ምንም የለም። ይሄ ብቻውን ግማሹን ጥርጣሬ ያስወግዳል፤ ችንጋው፣ ዲናሞው፣ የመሪው ሃይድሮሊክ ፓምፕ፣ የችንጋ መወጠሪያው፣ እነዚህ ሁሉ የሚከተሉት የሞተሩን ዙር እንጂ የመንገዱን ፍጥነት አይደለም። ቆማችሁ ነዳጅ ስትሰጡ የምትጮህ ከሆነ ስር ገብታችሁ አትልፉ፣ ኮፈኑን ክፈቱ። መሪውን እስከ ጥግ ስታዞሩ የሚብስ ከሆነ ፓምፑ ነው፣ ወይ ዘይቱ ጎድሏል። መብራትና ማራገቢያ ስታበሩ የሚብስ ከሆነ ዲናሞውን ወይም ችንጋውን ጠርጥሩ።

ፍሪሲዮኑንም ቆመን ሞከርን። ሲረገጥ የሚመጣ ድምፅ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ (የሚዞረውን ነገር ይዞ በቀላሉ የሚያዞረው የብረት ቀለበት) ነው። በተቃራኒው ፎሌ ላይ (ማርሽ ሳይገባ) ቆማችሁ የሚሰማና ፍሪሲዮን ስትረግጡ የሚጠፋ ከሆነ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው። የእኔዋ ሁለቱንም አላሳየችም።

ከዚያ መንዳት። 90 ላይ አድርሻት ፍሪሲዮን ረግጬ ፎሌ አስገባሁ። ሞተሩን አላጠፋሁም፤ ማንም እንዳያጠፋ፤ ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም እርዳታውን ያጣል። ቁልቁለት ላይም አይሞከርም። ድምፁ ወዲያው ጠፋ። ወንድሜ ጻፈ።

እዚህ ላይ ጎማና የእግር ኩሽኔታ ከጥርጣሬ ወጡ። ጎማ ፎሌ ብታስገቡም ይዞራል፣ መጮሁንም አይተውም። ጎማ ከሆነ አስፋልቱ ሲለወጥ ድምፁም ይለወጣል፣ ከሻካራ ወደ ለስላሳ ስትገቡ ዝቅ ይላል፣ ነዳጅ ብትሰጡም ብትለቁም ግድ የለውም። መኪናዋ ቆማ እጃችሁን ጎማው ላይ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ብታንሸራትቱ፣ በአንድ በኩል ለስላሳ በሌላው መጋዝ የሚመስል ከሆነ ጎማው አላግባብ ተበልቷል፣ የጩኸቱም ምንጭ እዚያው ነው።

የእግር ኩሽኔታ ጭነት ሲያገኝ ይጮሃል። ሰፊና ባዶ መንገድ ላይ መሪውን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ግራ ስታዘነብሉ ክብደቱ ቀኝ እግሮች ላይ ይወድቃል። ያኔ የሚብስ ከሆነ የቀኙን ጠርጥሩ፤ ወደ ቀኝ ስታዘነብሉ ከባሰ የግራውን። ከጉዞ በኋላ ደግሞ የእያንዳንዱን ቸርኬ መሃል በጥንቃቄ በእጅ መቅረብ ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ኩሽኔታው አለዚያም የያዘ ፍሬን ነው። ይሄን ነገር ማቆየት አይገባም። የእግር ኩሽኔታ ሲይዝ እግሩ ራሱ ሊወጣ ይችላል፤ ቤተሰብ ጭናችሁ እንዲህ ያለ ድምፅ ይዛችሁ ረጅም መንገድ አትውጡ።

የፊቱን በፍሪ ሃብ ማጣራት ይቻላል፣ ይሄ የድሮ ፎርዊል መልካም ጎን ነው። ፍሪ ሃቦቹ ተፈትተው መኪናዋ በኋላ እግር ብቻ ስትሄድ የፊት ዲፈረንሻልና የፊት ሻፍት ቆመዋል። ቆመው ሳሉ ድምፁ ካለ ከእነሱ አይደለም። ቀጥሎ ማርሹን ሳትነኩ ሃቦቹን ብቻ ትቆልፋላችሁ፤ እግሮቹ የፊቱን ዲፈረንሻል ያዞሩታል፣ ሞተሩ ግን አይገፋውም። አዲስ ድምፅ ከመጣ ከዚያ ነው። ፎርዊል አስገብታችሁ ግን ደረቅ አስፋልት ላይ አትሂዱ፤ የፊቱና የኋላው እኩል የማይዞሩበት ጥምዝ ላይ ሁሉ ነገር ይወጠራል፣ ሻፍትና ክሮቼራ (የሻፍቱ መገጣጠሚያ) ይጎዳል። የእኔዋ ሃቦቹ ተፈትተውም ትጮሃለች። ፊቷ ነጻ።

የቀሩት ካምቢዮው፣ ትራንስፈሩ (ከካምቢዮው ኋላ ተጣብቆ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ሳጥን) እና የኋላ ዲፈረንሻሉ ናቸው። ፎሌ ላይ መጥፋቱ ዲፈረንሻሉን ነጻ አያወጣውም። የዲፈረንሻል ጥርስ ጭነትን ይከተላል፤ ነዳጅ ስትረግጡ ጥርሱ በአንዱ ገጽ፣ ስትለቁ በሌላው ገጽ ይጫናል፣ ስለዚህ አንዱ ላይ ጮሆ ሌላው ላይ ዝም ማለት ልማዱ ነው። ነዳጅ ሰጥታችሁም ለቃችሁም እኩል የሚያጉረመርም ከሆነ ከጥርሱ ይልቅ የፒኞኑን ኩሽኔታ ጠርጥሩ። የእኔዋ ስረግጥ ትጮሃለች፣ ስለቅ ትቀንሳለች። ያ ባለሙያ ዲፈረንሻል ያለው ለዚህ ይመስለኛል፣ ከባዶ ተነስቶ አይደለም።

ነገሩን የለየው ቀጥሎ ያለው ነው፤ ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ የምትሞክሩ ከሆነ ይሄን ሞክሩ። 80 ላይ በአምስተኛ ማርሽ ያዝኳት። «ዊይይይ»። ፍጥነቱን ሳልለቅ ወደ አራተኛ መለስኩ። ዝም። እንደገና አምስተኛ። «ዊይይይ»። አራተኛ። ዝም። ወንድሜ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ዝም ብሎ አየኝ። ስድስት ጊዜ ደጋገምነው። በመጨረሻ ሦስተኛ አስገብቼ ወደ 55 ዝቅ አልኩ። ትንሽ፣ በጣም ትንሽ «ዊይ» አለች።

አስቡት። 80 ላይ በአራተኛም በአምስተኛም ማርሽ ብትሄዱ የኋላ እግር የሚዞረው እኩል ነው። ሻፍቱ እኩል ይዞራል፣ ትራንስፈሩ እኩል ይዞራል፣ ዲፈረንሻሉ እኩል ይዞራል፣ የሚሸከሙትም ጭነት ያው ነው። ማርሹ ሲለወጥ የሚለወጠው ካምቢዮው ውስጥ ያለው ነገር ብቻ ነው። ዲፈረንሻል ማርሽ ለውጣችሁለት ዝም አይልም፣ መለወጡንም አያውቅም።

አራተኛው ላይ ለምን ጠፋ? በእንዲህ ዓይነት ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ አብዛኛውን ጊዜ አራተኛው ቀጥታ ነው፣ 1 ለ 1። የሞተሩ ኃይል ከመግቢያው ዘንግ ገብቶ በላይኛው ዘንግ በቀጥታ ይወጣል። በሌሎቹ ማርሾች ግን ኃይሉ ወደ ታችኛው ዘንግ ይወርድና ተመልሶ ይወጣል። አራተኛ ላይ ታችኛው ዘንግ ይዞራል፣ ግን አይሸከምም። ስለዚህ አራተኛ ላይ ጠፍቶ በሌሎቹ የሚሰማ ድምፅ ወደ ታችኛው ዘንግና ወደ ኩሽኔታዎቹ ያመለክታል። የእኔዋ አምስተኛ ላይ ስለባሰች ከኋላ ጫፍ፣ አምስተኛው ማርሽ ካለበት አካባቢ።

በጆሮ ብቻ ላለመወሰን ስልኬንም ተጠቀምኩ። የድምፅን ድግግሞሽ በሄርዝ የሚያሳይ ነጻ አፕሊኬሽን ሞልቷል። ጎማዬ 235/85 አር 16 ነው፣ አንድ ዙር 2.5 ሜትር ገደማ ይሄዳል። 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት በሴኮንድ 22.2 ሜትር ነው፣ ይሄም የእግሩ 8.9 ዙር ማለት ነው። የዲፈረንሻሌ ኮሮና 41 ጥርስ፣ ፒኞኑ 10 ጥርስ አለው። በየዙሩ 41 ጥርስ ስለሚያልፍ ዲፈረንሻሉ የሚያላዝን ቢሆን 8.9 በ 41፣ 364 ሄርዝ ገደማ መታየት ነበረበት። ወይም የእሱ ሁለት እጥፍ፣ 728። ስልኬ ያሳየኝ ከፍታ ግን 840 አካባቢ ነበር። ከሁለቱም አይገጥምም። በዚህ ስሌት ክሮቼራና ሻፍትም ይወጣሉ፤ ሻፍቱ በሴኮንድ 36 ዙር ገደማ ነው የሚዞረው፣ እሱ ችግር ቢኖርበት ወንበራችሁን ያንቀጠቅጠዋል እንጂ ቀጭን ድምፅ አያወጣም።

በማግስቱ ሜዳ ላይ አቁሜያት ስር ገባሁ። ዘይት ልትፈትሹ ስትሉ አንድ ነገር አደራ፤ ከማፍሰሻው በፊት የመሙያውን ታፖ (መክደኛ ብሎን) ፍቱት። መሙያው ዝጎ እምቢ ካለና እናንተ ዘይቱን ካፈሰሳችሁ መኪናዋ እዚያው ትቀራለች። የካምቢዮዬ መሙያ ጎኑ ላይ ነው። በብሩሽ ጠርጌ ፈታሁት። ዘይት ከቀዳዳው የታችኛው ከንፈር ጋር እኩል መሆን ነበረበት። ምንም አልወጣም። ጣቴን አስገባሁ። እስከ መጀመሪያው አንጓ ደረቅ። እስከ ሁለተኛው አንጓ ደረቅ። አጠፍ አድርጌ ወደ ታች ሰደድኩት፣ ጫፉ እንኳ አልረጠበም።

ሆዴን የበላኝ ሌላ ነገር ነው። የቆመችበት መሬት ላይ አንድም ጠብታ የለም። የካምቢዮው ሆድም ደረቅ ነው፣ አቧራው እንዳለ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ካምቢዮ ሲፈቱ የኖሩ አንድ አንጋፋ መካኒክ አውቃለሁ። ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ የካምቢዮው ዘይት የለም፤ ግን መሬት ላይ ጠብ ያለ ነገር አላየሁም። የት ሄደ?»

«አልሄደም ልጄ። ጎረቤት ገብቷል። የትራንስፈሩን ታፖ ክፈተውና ተመልከት።»

ሳሕን ሳላዘጋጅ ከፈትኩት። ታፖው የመጨረሻውን ጥርስ ሲለቅ ዘይቱ ገፍቶ ወጣና ክንዴ ላይ እስከ ክርኔ ወረደ። ሮጬ ሳሕን አመጣሁ። ፈሶ ፈሶ ከከንፈሩ ጋር እኩል እስኪሆን አንድ ሊትር ገደማ ወጣ። ትርፍ ዘይት ነው፤ ካምቢዮው ያጣውን ትራንስፈሩ ይዞታል።

ካምቢዮውና ትራንስፈሩ ጀርባና ሆድ ተጣብቀው ነው የሚቀመጡት፣ አንድ ዘንግ ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል፣ በዘንጉ ዙሪያ ደግሞ ዘይቱን የሚለይ አንድ ፓራሊዮ፣ የጎማ ቀለበት፣ አለ። ያ ጎማ ከዕድሜ ብዛት ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ዘይቱ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይሻገራል። ወደ ውጭ ስለማይወጣ ማንም አያይም። ካምቢዮው ቀስ በቀስ ይራባል፣ ትራንስፈሩ ይጠግባል። በአንዳንድ የድሮ ፎርዊሎች የታወቀ ነገር መሆኑን ጋሼ ነገሩኝ። መሬት ላይ ዘይት አለመኖሩን እንደ ጤንነት ምልክት የምታዩ፣ እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የማየው፣ እባካችሁ ሁለቱንም ታፖ ክፈቱ።

የካምቢዮውን የቀረ ዘይት አፈሰስን። ማፍሰሻው ታፖ ጫፉ ላይ ማግኔት አለው። እሱ ላይ እንደ ቅባት የለሰለሰ ግራጫ ጭቃ ቢኖር አያስደነግጥም፣ የጤነኛ ካምቢዮ ጥርስም እየተፋጨ ያን ያህል ይለቃል። የሚያስደነግጠው በጣት ሲታሽ የሚወጋ ነው። ጭቃውን አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ መሃል አሸሁት። ሦስት የዓሣ ቅርፊት የሚመስሉ ቀጫጭን ብረቶች ቀሩ፣ ፀሐይ ላይ ሳዞራቸው ያብለጨልጫሉ። ጋሼ አይተው «ይሄ የኩሽኔታ ነው» አሉ።

ካምቢዮው ወረደ። የታችኛው ዘንግ የኋላ ኩሽኔታ ውስጡ ፈንጣጣ እንደወጋው ፊት ተቦርቡሯል። ዘይት ሲጎድል ይራባል፣ አምስተኛ ማርሽም እዚያው ጎረቤቱ ነው። የአምስተኛው ማርሽ ጥርሶች ገጽ ተለሳልሷል፣ ግን የተሸረፈ የለም። ጋሼ በጥፍራቸው እያንዳንዱን ጥርስ ዳሰሱና «እሱ ይቆይ» አሉ። የታችኛውም የላይኛውም ዘንግ ኩሽኔታዎች ተቀየሩ፣ ፓራሊዮዎቹም በሙሉ። ካምቢዮ አውርዶ አንዱን ፓራሊዮ አሮጌ መተው ትክክል አይደለም፤ ድካሙ ማውረዱ ላይ ነው።

ዘይቱን በተመለከተ፣ መጽሐፏ የሚለውን ብቻ ነው የጨመርነው። የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት በአንድ ጀሪካን የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ዲፈረንሻል ውስጥ ፒኞኑ ከኮሮናው መሃል ዝቅ ብሎ ስለሚገባ ጥርሶቹ እየተንሸራተቱ ነው የሚገናኙት፣ ስለዚህ ብርቱ ግፊት የሚችል ዘይት ይፈልጋል፣ ብዙውን ጊዜ ጂኤል 5 የሚባለውን። ብዙ የድሮ ማኑዋል ካምቢዮዎች ግን ጂኤል 4 ነው የታዘዘላቸው፤ ውስጣቸው ማርሽ የሚያስማሙ የነሐስ ቀለበቶች አሉ፣ አንዳንድ የጂኤል 5 ዘይት ደግሞ እነዚያን ይበላል።

እግረ መንገዴን የዲፈረንሻሎቹን መተንፈሻም አየሁ። ከላይ በኩል ያለች ትንሽ ቱቦ ናት፣ ሰው አያስታውሳትም። ዲፈረንሻል ሲሞቅ አየሩ ይስፋፋና በእሷ ይወጣል። በጭቃ ከተደፈነች አየሩ ዘይቱን በፓራሊዮ በኩል ይገፋዋል። በተቃራኒው የሞቀ ዲፈረንሻል ይዛችሁ ወንዝ ስትገቡ ድንገት ይቀዘቅዛል፣ አየሩ ይኮማተራል፣ በመተንፈሻዋ አየር ማግኘት ካልቻለ በፓራሊዮ ውሃ ይስባል። ዘይታችሁ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቷል፣ ሳይውል ሳያድር ይቀየር። የእኔ የኋላዋ ግማሽ ተደፍና ነበር። በሽቦ ጠርጌ ከፈትኳት። የዲፈረንሻሉ ዘይት ግን ንጹህ ነበር፣ ማግኔቱም ላይ ያ ለስላሳ ጭቃ ብቻ። ሊቀየር ጥቂት የቀረው ኮሮናና ፒኞን ይሄ ነው።

መኪናዋ ስትወርድ ወንድሜን ይዤ ያንኑ መንገድ ሄድኩ። 80፣ አምስተኛ። ወደ አራተኛ። ወደ አምስተኛ። ልዩነቱ የሞተሩ ዙር ብቻ ነው። 95 ላይ ጆሮን ካቀኑ በጣም ሩቅ የሆነ ጭላንጭል ድምፅ አለ፤ የለሰለሱት ጥርሶች ናቸው፤ ጋሼ አስቀድመው ነግረውኛል። ስልኬ ላይ ያ የ840ው ከፍታ የለም።

1,000 ኪሎ ሜትር ስትሞላ ስር ገብቼ ሁለቱንም ታፖ ከፈትኩ። ካምቢዮው፤ ጣቴ ከንፈሩ ላይ ረጠበ። ትራንስፈሩ፤ ያው። ዘጋኋቸውና ቁጥሩን ወንድሜ በጻፈበት ወረቀት ግርጌ ጻፍኩ።